ከማንኩሳ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ፦ በሁለት ዓለም መካከል ያለች የጎጃም ልጅ

በሁለት ባህል መካከል ስለቆመች ወጣት ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ ባሕር ይሻገራል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዳ፣ እናቷ በአማርኛ ስትጠራት በሌላ ቋንቋ የምትመልስ ልጅ ትታየናለች። እሷም አለች፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ነገር ግን ጥያቄው በብዛትም በክብደትም የሚገኘው እዚሁ አገር ቤት፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ በሚያመጣው መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ከቡሬና ከአካባቢዋ የተሻለ መመልከቻ አላውቅም። ቡሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ የሚያልፍባት፣ ወደ ነቀምት የሚወስደውም የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ወዲህ ዳሞት፣ ወዲያ አዊ፣ ዓባይን ሲሻገሩ ወለጋ። በገበያ ቀን በርበሬ ተራና በቆሎ ተራ ውስጥ ለቆመ ሰው ከአማርኛው መሐል አገውኛና ኦሮምኛ ጆሮው ይገባል።

ጉዳዩን በልብ ወለድም፣ በሕግም፣ በጥናትም፣ በዘፈንም፣ በሰዎች ኑሮም ተከትዬ ሳየው አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ሁለት ባህል መያዙ ብቻውን ልጅቱን አያናውጣትም፤ በዚህ አካባቢ በሁለት ቋንቋ ተዳርቶ፣ በሁለት ልማድ ልጅ አሳድጎ የኖረ ሰው ሞልቷል። የሚያናውጣት ከሁለቱ የትኛውን፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ እንደምትይዝ ሌላ ሰው ሲወስንላት ነው። የሚከተለውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ጎጃም የዚህ ጥያቄ ትልቅ ልብ ወለድ አላት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከማንኩሳ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲመጡ መንገድ ላይ ከምትገኘው ማንኩሳ። አንባቢ መጽሐፉን ሲያነሣ ልቡ ብዙ ጊዜ ከአፍቃሪው ከበዛብህ ጋር ነው፤ ክርክሩን ሲያነሣ ደግሞ ከጉዱ ካሣ ጋር። በዛብህ የሚያፈቅራትን ሰብለ ወንጌልን ከተወዳጅነቷ አልፎ እንደ አሳቢ ሰው የሚያያት ጥቂት ነው። እኔ ግን በአባቷ ቤት ውስጥ ከባዱን ሸክም የተሸከመችው እሷ ናት እላለሁ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቆጠሩ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ የማግቢያ ዕድሜዋ አለፈ፤ ፊደል እንድትማር ሲፈቅዱላት ደግሞ ከአስተማሪዋ ጋር ሌላ ዓለም ተከፈተላት። አዲሱን ሐሳብ በአደባባይ የሚናገረው ጉዱ ካሣ ነው፤ ዋጋውን በገላዋ የምትከፍለው ሰብለ ናት። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ስትወጣ ደራሲው ለመውጣት የሚበቃ ድፍረት ሰጥተዋታል፤ መድረሻ አልሰጧትም። ለዚህ አልወቅሳቸውም። በዘመኑ ለአንዲት የባላባት ልጅ ከአባት ቤትና ከባል ቤት ሌላ የነበረው ሦስተኛ ቤት ገዳም ነበር፤ ያዩትን ነው የጻፉት።

በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ግን ሦስተኛ ቤት የሠሩ ሴቶች ነበሩ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ የወንድ ብቻ ተደርጎ ከሚታየው የቅኔ ጉባኤ ገብተው፣ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ መልሰው ለወንዶች ተማሪዎች አስተማሩ። ከባህላቸው አልወጡም፤ እዚያው ባህል ውስጥ ሴት ተቀምጣበት የማታውቀውን ወንበር ያዙ። የስንዱ ገብሩ መንገድ ሌላ ነው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩ፣ ጣሊያን አገር ታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። አንዷ ከጉባኤ ቤት ሳይወጡ፣ ሌላዋ አውሮፓን ዞረው። የሁለቱም በር ግን የተከፈተው በተማረ አባት እጅ ነው። በሩን የሚከፍትላት አባት የሌላት ልጅ ምን ታድርግ የሚለውን የእነሱ ታሪክ አይመልስልንም።

የዛሬዋ የቡሬ ዙሪያ ልጅ አባት በሩን ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜ ግማሹን። ስምንተኛ ክፍል ያደርሳታል። ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አጠገቧ ከሌለ ከተማ ገብታ፣ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። እሑድ ከሰዓት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ የዳጉሳ ወይም የጤፍ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ጨው። እንጀራው ሐሙስ አካባቢ ይሻግታል፤ ያን ጊዜ ድርቆሹ ይወጣል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤታቸው ያቀናሉ። ይህች ልጅ በአምስቱ ቀን ኪራይ የምትከፍል፣ ሳንቲም የምትቆጥብ፣ የምትበላውን የምትወስን፣ በቴሌግራም ከሩቅ ሰው ጋር የምትጻጻፍ፣ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ስለ ገላዋ የምትጠይቅ ሰው ናት። በሁለቱ ቀን ውኃ ትቀዳለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ አባቷ ፊት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ እንግዳ ሲመጣ የእጅ ውኃ ይዛ ትቆማለች። ሁለቱንም አሳምራ ትችላለች። ችሎታዋን እንደ ችሎታ የሚቆጥርላት ግን አታገኝም፤ ከተማ ውስጥ አነጋገሯን ሰምተው «ባላገር» ይሏታል፣ ሰፈሯ ስትመለስ ሱሪዋን አይተው «ከተሜ ሆነችብን» ይሏታል።

አንዳንዶቹ ግንባራቸው ላይ በልጅነት የተነቀሱት መስቀል አለ፤ አንገታቸው ላይ ተርታውን የወረደ ንቅሳት ያላቸውም ይገኛሉ። እናት ስታስነቅስ ልጄ ትመርልኝ፣ ክርስቲያንነቷም ይታወቅላት ብላ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባችው ልጅ ጸጉሯን ወደ ግንባሯ አውርዳ ትቆርጠዋለች፣ ወይም ሻርፗን ዝቅ አድርጋ ታስራለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንባሯን ገልጣ ትቆማለች። ይህን ማስመሰል የሚሉት አሉ፤ እኔ አልልም። ማን ፊት ምን እንደሚያስከፍላት የምታውቅ ልጅ ያለ መካሪ የተማረችው ጥንቃቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ የደረሱት ደግሞ ግቢ ጉባኤ ሲገቡ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ከእናታቸው በልማድ የወረሱትን ጾምና ጸሎት በትምህርት ያገኙታል፣ ምክንያቱን ይጠይቃሉ፣ መዝሙሩን በራሳቸው አንደበት ይመራሉ። ነጠላዋን ከግቢ ጉባኤ በኋላ የምትለብሰው ልጅ ከመግባቷ በፊት ከምትለብሰው ልጅ በአንድ ነገር ትለያለች፦ አሁን መርጣው ነው የለበሰችው። ከተሜነት ሃይማኖትን ያስጥላል የሚለው የአባቶች ስጋትም፣ ሃይማኖት ወደ ኋላ ይጎትታል የሚለው የከተማ ንቀትም እሷን አያውቋትም።

ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ስንቱ ነው? የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ስለ እነዚህ ቁጥሮች የተወራው ስለ ትምህርት ጥራት ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያለፈችው ልጅ ብቻ አይደለችም፤ አራት ዓመት ስንቅ ተሸክማ ተመላልሳ የወደቀችው ናት። ሰፈሯ የሚጠብቃትን ሙያ በዕድሜዋ ልክ አልተማረችም፤ ጓደኞቿ አግብተው ወልደዋል፣ ጠላ ጠምቀው፣ ማድ ቤት ገብተው ወጥተዋል። ከተማው የሚጠይቃትን ወረቀት አልያዘችም። እናቷ ፈራ ተባ እያለች «ምነው ልጄ፣ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» ትላታለች። ክፋት የለበትም፤ እናት የምታውቀው መጠጊያ ባል ነው። በሁለት ባህል መካከል የተያዘች ወጣት ማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህችን ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ መሬት። ስለ ባህል ስንከራከር ባህሉ በምን ላይ ቆሞ እንደነበር እንረሳለን። የጎጃም ገበሬ ልጁን በጊዜ ሲድር የሚሰጣት መሬትና ከብት፣ የሚያስጠጋት ወገን ነበረው። አማራ ክልል ውስጥ ሰፊው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከወላጆቹ ማሳ ላይ ቁራሽ ካልተቆረሰለት የራሱ ይዞታ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ልጅቱ በአሥራ አምስት ዓመቷ እንድታገባ የሚጠይቀው ልማድ ለዚያ ትዳር ይሰጥ የነበረውን መተዳደሪያ መስጠት አይችልም። ግዴታው ቀርቷል፣ ድርሻው አልቋል። አንድ ነገር ግን በጎ ሆኗል፤ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይይዛል። በስሟ ደብተር ያላት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ለማቆየት ስትከራከር ድምፅዋ ከፍ ይላል። ባህል ሲለወጥ የማየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ከአዳራሽ ስብከት ይልቅ ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ደብተር።

ሌላው የማደንቀው ምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየመደበ በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ አደረሳቸው። የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ አሠልጥኖ መልሶ የላካቸው መንግሥት ነው። ጋዋን ለብሳ ክትባት ትሰጣለች፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከባልና ሚስት ጋር ትነጋገራለች፣ ቡና ላይ ስትጠራ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ጎረቤት ትቀመጣለች። ደሞዟ ትንሽ፣ ሥራዋ ብዙ ነው፤ ይህን እሷም ትናገራለች። ሆኖም «ተምራ ምን አመጣች?» ለሚል አባት መልሱ በሰፈሩ ውስጥ እየተራመደ ነው። ሦስተኛ ቤት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ከሁለቱ ዓለም አንዱን ሳትጥል በራሷ ገቢ የምትቆምበት ቦታ።

ሕጉ ቀድሞ ተሠርቷል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79 ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረጉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ግማሾቹ በ17.1 ዓመታቸው አግብተው እንደነበር አሳይቷል፤ የወንዶቹ 23.7 ነው። ያ የመላ አገሪቱ አኃዝ ነው፤ አማራ ክልል ከዚያ ዝቅ ካሉት ተርታ ነው። ሕግ የሚያመልጠው በቀላል ዘዴ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ዕድሜ የሚታወቀው ወላጅ በተናገረው ነው፤ ሠርጉ በማኅበር ወይም በተዝካር ስም ይደገሳል፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ዝም ይላል።

ከሕጉ ይልቅ የሚያስተምረን በራሳችን ጎጃም፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ ቀበሌ የተሞከረው ነው። ብርሃነ ሔዋን ይባላል። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅት ከክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 አካሄደው። ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በቡድን በቡድን አሰባሰበ፣ ለተማሪዎቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፣ ትምህርት ላቋረጡት መሠረታዊ ትምህርትና የእጅ ሙያ አዘጋጀ፣ ሽማግሌዎችና ወላጆች እንዲወያዩ አደረገ። ሲጀመር ከወላጆች ጋር አንድ ስምምነት ተደረገ፦ ልጃቸውን ለሁለት ዓመት ሳይድሩ ካቆዩና ከፕሮግራሙ ካላስቀሯት መጨረሻ ላይ አንድ የቤት እንስሳ ይሰጣቸዋል። ስጦታው ብዙ አነጋግሯል፤ አሳፋሪ ንግድ ያደረጉት አሉ። እኔ ግን የሰዎቹን ልብ ያወቀ ሐሳብ ነው እላለሁ። ጎጃሜ አባት ልጁን ሲድር ጥሎሽ ይመጣለታል፣ ስሙ ይከበራል፤ ሳይድር ሲቀር ግን ስም ብቻ ይጠፋበታል። ስጦታው በአደባባይ ሲሰጠው «ልጁን ያልዳረ» ከመባል ወጥቶ የተሸለመ አባት ሆነ። ክብሩን በአዲስ በር መለሱለት።

ውጤቱ ያስደንቃል። ፕሮግራሙ ካልነበረበት የማነጻጸሪያ ቀበሌ ጋር ሲታይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህን ብዙዎች ይጠቅሱታል። ሁለተኛውን ግኝት የሚጠቅሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት ሞሰቦ ውስጥ የማግባት ዕድላቸው ከማነጻጸሪያው ቀበሌ በለጠ። ሠርጉ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ይህን እንደ ውድቀት አላየውም፤ በአሥራ ሁለት ዓመትና በአሥራ ስድስት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በወሊድ ላይ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ነገር ግን አንድ እውነት ያስታውሰናል። ፕሮግራሙ ጊዜ ገዛላት፤ በገዛላት ጊዜ መጨረሻ ላይ የምትሄድበት ቦታ መሥራት የሌላ አካል ድርሻ ነበር፣ ያ አካል ደግሞ አልመጣም። ሰብለ ወንጌልን የገጠማት ይኸው ነው።

ቦታው ካልመጣ እሷ ትሄዳለች። ከሠርግ ሸሽታ ወይም ከፈተና በኋላ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የወረደች የክፍለ ሀገር ልጅ የመጀመሪያ ተቀባይዋ ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ሰው ቤት ትገባለች፤ ማታ ትማር ዘንድ ቃል የሚገቡላት አሉ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ግን ሁሉም አይደሉም። እዚያ ቤት ውስጥ ያለችው የቀጣሪዋ ልጅ ዕድሜዋ እንደ እሷ ነው፤ አንዷ እንግሊዝኛ ታጠናለች፣ ሌላዋ ሳህን ታጥባለች፣ ሁለቱም አንድ ቴሌቪዥን ያያሉ። በዓረብ አገር ያለው ከዚህም ይከፋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሚሄዱት ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠየቀ፤ ስለዚህ ያው ስምንተኛ ክፍል ለአንዷ የቡሬ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር፣ ለሌላዋ የጅዳ መግቢያ ሆነ። በደላላ መንገድ የሄዱ ክርስቲያን ልጆች በፓስፖርታቸው ላይ የእስላም ስም አስጽፈው የሄዱበት ጊዜ አለ፤ ቀን በአንዱ ስም ተጠርተው፣ ማታ በሌላው ይጸልያሉ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። የተመለሱት ሴቶች ብዙ ሻንጣ እንጂ ብዙ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ ብሎ የጠበቃቸው አልነበረም፤ ሰፈሩ ስለ ብራቸው ጠየቀ፣ ስለ እነሱ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ሁለቱን ዓለም አዋሕዳ፣ ያዋሐደችውን ለዓለም ያሰማች አንዲት የምዕራብ ጎጃም ጎረቤት አለችን። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ቻግኒ ተወለደች። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በልጅነቷ ቤታቸው ከሚመጣ ቄስ ተማረች፤ በቅኔ ማኅሌት ቆሞ መዘመር ግን የሴት ወግ አይደለም። ከቻግኒ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም ቢል ላስዌል አዘጋጀው፤ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተጫወቱበት። የጃዝ አድማጭ እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። ባህላችንን አበላሸችው ያሉ አገር ቤትም ውጭም ነበሩ። አልበሙን ለሰማ ጆሮ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ መሣሪያው ከአገር በራቀ ቁጥር ቃሉ ወደ አገር ይቀርባል። ስለ ዓባይ፣ ስለ ዓድዋ፣ ስለ ናፍቆት የዘፈነችው ስቱዲዮ ውስጥ ከነበሩ የዓለም ጃዝ ጌቶች ጋር ነው። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ዜማዋን ለባዕድ ጆሮ አላቀለለችም። ከማኅሌቱ የተማረችውን መዘመር ያልተፈቀደላት ልጅ፣ ያንኑ መስመር ይዛ ወደ ሰፊው ዓለም ወጣች፤ ያኔም አልጣለችውም። ይህን ሳስብ ባህልን የሚጠብቀው የበር ዘበኛው ብቻ እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ አንዳንዴ በሩ ላይ የተመለሰችው ናት።

ከጂጂ ቀጥሎ ውጭ ያሉት ልጆች ሌላ ገጽታ አላቸው፤ ባጭሩ ልለፍባቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 ካይሮ በባሪያ ገበያ አንድ የጀርመን መስፍን የገዛት፣ ማህቡባ ብሎ የጠራት የኦሮሞ ልጅ በ1840 ሙስካው በምትባል የጀርመን ከተማ በወጣትነቷ ሞተች፤ መቃብሯ እዚያው ነው። ለእሷ የሁለት ባህል ጥያቄ ፈጽሞ የራሷ አልነበረም፤ ስሟን እንኳ ሌላ ሰው ሰጣት። በሌላው ጫፍ ፕኒና ታማኖ ሻታ አለች፤ ከጎንደር አካባቢ በሕፃንነቷ ቤተ እስራኤላውያንን በወሰደው የሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገብታ፣ ጠበቃ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለክኔሴት፣ ለእስራኤል ፓርላማ፣ ተመረጠች፣ በ2020 ሚኒስትር ሆነች። በመካከላቸው አይዳ እደማርያም አለች፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ካናዳዊት። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው መጽሐፍ በሕፃንነታቸው ጎንደር ውስጥ ለካህን የተዳሩትን አያቷን ታሪክ ይተርካል። አንዲት የልጅ ልጅ የአያቷን ሠርግ በባዕድ ቋንቋ ስትጽፍ ያላፈረችውም ያልፈረደችውም በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ ለመስማት ጊዜ ወስዳለች። የውጭዎቹ ልጆቻችን ችግር ብዙ ጊዜ ቋንቋ ነው፣ አንዳንዴም ዘር፤ ምን ልሁን የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ጊዜውም ክፍሉም አላቸው። የቡሬዋ ልጅ ጥያቄውን የምትጠይቀው ስንቅ ተሸክማ በእግሯ እየሄደች ነው።

በእኛው ድንበር ላይ ደግሞ ብዙ ያልተጻፈባቸው ልጆች አሉ። ከአዊ በኩል የምትመጣው በቤቷ አገውኛ የምትናገር፣ አንደኛ ደረጃን በአገውኛ የተማረች፣ ቡሬ ስትደርስ በአማርኛ የምትገበያይ ልጅ ሁለት ቋንቋዋን እንደ ሀብት ታዝላቸዋለች፤ የሚያሳፍራት ከሌለ አታፍርባቸውም። ከዓባይ ማዶ የመጡት ግን ሌላ ናቸው። አያቶቻቸው ከጎጃም ወለጋ ወርደው መሬት ያገኙ፣ እነሱ እዚያ የተወለዱ፣ ኦሮምኛ ከጓደኞቻቸው ጋር እያወሩ ያደጉ፣ ባለፉት ዓመታት ጥቃት ሸሽተው በነቀምቱ መንገድ ወደ ጎጃም የተመለሱ። እዚያ አማራ ተብለው ተባረሩ፤ እዚህ ሲደርሱ በአነጋገራቸው ወለጌ ተባሉ። አያታቸው ወደ ወጣችበት አገር የተመለሰች አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ቋንቋዋን ግማሹን ትታ መጥታለች። ለዚህች ልጅ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ መመዝገብ ማለት የመጀመሪያው ማንነት ማግኘት ነው።

መዝገቡ ደግሞ ተዘግቶ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲከፈት ወጣት ሴቶች ከከተማቸው ሳይወጡ ደሞዝ የሚያገኙበት ቦታ ታይቶ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናገሩ። በ2016ና በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ሚሊዮኖች ተማሪዎች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ወንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እርሻ ወይም ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ሴቷ ልጅ ሲዘጋባት ሽማግሌ ይላክባታል። መንገድ ሲዘጋ ስንቅ ተሸክሞ መመላለሱ ይቀራል፤ ወላጅም ልጄን ለአደጋ ከማጋልጣት ለሰው ልስጣት ይላል። ክፉ አባት ስለሆነ አይደለም፣ ስለፈራ ነው። ሞሰቦ ውስጥ በስጦታ የተገዛው ጊዜ እዚህ ያለ ምንም ነገር ተወሰደ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቀበሌ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት መቆጠር ያለበት የተመለሰው ተማሪ ብቻ አይደለም። ያልተመለሱት ሴቶች ልጆች ስም በስም ይጻፉ፤ የት እንዳሉ፣ ለማን እንደተዳሩ፣ አርግዘው ከሆነ፣ ከወለጋ መጥተው ከሆነ። አግብታም ቢሆን መማር የምትፈልገው ልጅ ልጇን ይዛ የምትመጣበት ሰዓት ይመደብላት፤ ኪራይ ቤት ውስጥ አራት ሆነው የሚያድሩት ልጆች ትምህርት ቤቱ አጠገብ ማደሪያ ይሠራላቸው። ቁጥሩን ለመሰብሰብ አዲስ ቢሮ አያስፈልግም። መምህሩ፣ የንስሐ አባቷና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእያንዳንዷን ስምና ቤት ያውቃሉ።